ጃንጥላ ለደረስጌ ማርያም

ኅዳር 4

ይህ ደብተር የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ውጤት ሊያዝበት የተገዛ ነው። ለውጤቱ ሌላ ይፈለግለት። ለሰው የማልነግረው ነገር በዝቶብኛል።

ከስለቱ ልጀምር። ነሐሴ ላይ የባለቤቴ የያርጋል አይሱዙ ሊማሊሞ ላይ ከመንገድ ወጣች ብለው ሲደውሉልኝ ወደ ታች የሚወርድ መኪና አልነበረም። ናዳ መንገዱን ዘግቶት ሁሉም ደባርቅ ላይ ቆሟል። ከብስክሌት ጠጋኙ ከአለነ በር ላይ አንዲት ብስክሌት አነሳሁ፤ አላስፈቀድኩትም። በልጅነቴ ዳባት ኳስ ሜዳ ላይ ወንድሜ ካስተማረኝ ወዲህ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ያንን ቁልቁለት በዝናብ፣ ፍሬን ጨብጬ፣ እያለቀስኩ ወረድኩት። "የደረስጌዋ እመቤቴ፣ በሕይወት ካቆየሽልኝ ለአስተርዮ በዓልሽ በዚህችው ብስክሌት ጃንጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ደረስጌ የእናቴ አገር ነው፣ ሌላ ስም አልመጣልኝም። ያርጋልን ከጥድ ሥር አስቀምጠውት አገኘሁት። እግሩ ተሰብሯል፤ ዓይኑ ግን ያያል፣ አወቀኝ።

አስተርዮ ማርያም ጥር ሃያ አንድ ናት። መንገዱ ከደባርቅ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበር፣ በጨነቅ አድርጎ ቧሂትን ይሻገርና ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል፤ ከዚያ ደረስጌ። አውቶቡስ እንኳ ሲያቃስትበት የሚውል መንገድ ነው። ምን ነክቶኝ ነው በብስክሌት ያልኩት? በእግሬ ብል ምን ነበረበት?

ቢሆንም ሰውዬው ጓዳ ተኝቶ ያንኮራፋል። ተመስገን።

ኅዳር 8

አለነ ብስክሌቷን እስከ ጥር ሰጠኝ። "ስለት የተሳሉባትን ብስክሌት ለሌላ አላከራይም፣ ማርያም ትቀስፈኛለች" አለ። ሰንሰለቷን ዘይት ቀባ፣ ኮርቻዋን ዝቅ አደረገ፣ ሦስት ጊዜ "ምንም አትሆኝም" አለኝ። ቧሂትን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ቧሂት እኮ ትንሽ ዳገት ናት።"

"ሄደህበታል?"

"በመኪና። ተኝቼ ነበር ያለፍኩት።"

ኅዳር 11

ዛሬ ዳባት ደርሼ ተመለስኩ። አስፋልት ነው፣ እሱም ገደለኝ። ከቀሚሴ ሥር የያርጋልን ሱሪ ለብሻለሁ። ወቅን ላይ ገብስ የሚወቁ ሰዎች ሥራ አቁመው አዩኝ። አንዱ "እች ሴትዮ ምን ጠፍቷት ነው?" ሲል ሰማሁ። ሌላው "ባሏ ነዋ!" አለው፣ ሳቁ። ለነገሩ አልተሳሳተም፣ ቤት ተቀምጦ ጠፍቶብኛል።

ጉልበቴ አብጧል። ደግሞ ደስ አለኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ነጠላዬን ሲነፋው ሳቅሁ። የስለት ነገር ደስ ሊል ይገባል እንዴ?

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። የነፍስ አባቴን መምሬ ቴዎፍሎስን ላማክር ሄድኩ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ መልስ ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል።

"አባቴ፣ ብስክሌቱን ዳገት ላይ ብገፋው ስለቴ ይፈርሳል?"

"ልጄ፣ አህያ የጫነ ሰው ዳገት ላይ ከኋላ አይገፋም?"

"ይገፋል።"

"ታዲያ ሲደርስ ጭነቱ አልደረሰም ይባላል?"

ቀጥለው ሌላ ነገር አመጡ። "የምትለፊ ነሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙን ተይው፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ከባሰም በመኪና ሂጂ፤ እመቤታችን ነገረኛ አይደለችም።"

እንዲህ ሲሉኝ ይባስ ልቤ ደነደነ። ማርያም ያርጋልን በከፊል አልሰጠችኝም። እኔም በከፊል አልከፍላትም። እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ፣ በብስክሌትም እሄዳለሁ። ይህን ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ በመስማማት ይሁን ባለመስማማት እንጃ።

ኅዳር 20

ያርጋል ዛሬም የጎንደር ሆስፒታል ቀጠሮውን አሳለፈ። መኪና አይሳፈርም። ባጃጅ እንኳ በር ላይ ሲቆም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐኪሙ ካላየው እግሩ ውስጥ ያስገቡት ብረት ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? "ይሻለኛል" ይላል፤ ክራንቹን ተደግፎ እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ አልጋ።

ጠያቂ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። "መኪናዋ ስትወርድ ማንን ጠራህ? የትኛውን ታቦት?" አገራችን እንዲህ ነው፤ የዳነ ሰው ያዳነውን ሊናገር ይገባል። እሱ "አላስታውስም" ይላል። እህቱ ውቢት፣ ልታስታምመው ከእኛ ጋር የምትኖረው፣ እሱን ተክታ "ጊዮርጊስን ነው" ትላለች።

ስለቱ ሲገባ ይነሣልኛል ብዬ አምናለሁ። ሳላስገባው ብቀርስ? ይህን ማሰብ አልፈልግም።

ኅዳር 24

ሊማሊሞ። ወረድኩ፣ ወጣሁ። ስወጣ ሁለት ጊዜ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ተቀመጥኩ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ያውቁኛል። "የያርጋል ሚስት!" ብለው ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ላሳፍርሽ ይላሉ፣ አይሆንም እላለሁ። የወደቀበት ቦታ ላይ አልቆምኩም። ነገ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 2

ክፍል ውስጥ በቁጣ ጠመኔ ወረወርኩ። የመታሁት ልጅ የለም፣ ግድግዳውን ነው። ልጆቹ ደነገጡ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ሰው አይደለሁም። ነገ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 3

ጠየቅኋቸው። አንዲቷ "ቲቸር፣ በሶ ይዘሽ ሂጂ፣ አባቴ ለዳገት በሶ ነው የሚለው" አለችኝ። ተመስገን ስለ ልጆቹ።

ታኅሣሥ 9

ለሰው የማይነገር። የወር ልማዴ ከመጣ ሁለተኛ ወሩ አለፈ። ቀርቷል ማለት ነው። በአርባ ሁለት ዓመቴ! ቀሚሶቼም ሰፍተውኛል፤ እርጅና ከሥጋ ይጀምራል መሰለኝ። ለያርጋል ነገርኩት። "እንግዲህ ተገላገልሽ" አለ፣ ክፋት አስቦ አይደለም። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከአንዷ ልጃችን ሌላ እንወልዳለን ብዬ አልነበረም። እንዲያው ሳይሰናበተኝ መሄዱ ነው የከፋኝ።

አንድ ነገር ግን ቀለለኝ። በዓሉ ቀን ከቅጽር ውጭ እቀር ይሆን የሚል ሥጋት አያስፈልገኝም።

ታኅሣሥ 15

ውቢት ለጎረቤት ስትናገር ሰማሁ። "ወንድሜን ቤት ጥላ በሰው ፊት እግሯን እያነሣች ትዞራለች። ስለት ነው ትላለች እንጂ ጤንነትም አይመስለኝ።" በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ሁለቱም ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። የምመልስላት ነገር ነበረኝ። አልመለስኩም። ያርጋልን የምታጥበው እሷ ናት፣ እኔ ዳባት መንገድ ላይ ስሆን።

ታኅሣሥ 21

ጎንደር ነርስነት የምትማረው ልጃችን የትናየት ጃንጥላውን በአውቶቡስ ላከችው። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ። ከአልጋው አጠገብ ስዘረጋው ክፍሉ ሁሉ ቀላ። ያርጋል ዘርፉን በጣቱ ነካና "ይኼን በነፋስ እንዴት አድርገሽ ትይዥዋለሽ?" አለ። ስለ መንገዱ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው!

ማታ የትናየት ደወለች።

"እማዬ፣ ድምፅሽ ቀጠነብኝ። እየበላሽ ነው?"

"እበላለሁ።"

"ስንት ሰዓት?"

"ስንት ሰዓት ማለት ምንድነው? ሰው በሚበላበት ሰዓት ነዋ።"

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮ፣ ቅቤ፣ እርጎ። ከጾሙ ሁሉ ይልቅ የዛሬው ምሳ ጸሎት መሰለኝ። ውቢት ሁለቱን እንቁላል ለእኔ አወጣች፤ "ብዪ፣ አጥንትሽ ወጥቷል" ብላ ተቆጣች። ለካ ትወደኛለች። በሰው ፊት ግን አትደግመውም።

ጥር 6

ጉልበቴ ተመለሰ! ቡይት ራስ ድረስ ሳልወርድ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት እጠጣለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ሳያቋርጡ ገለል ብለው አሳለፉኝ፤ ከአገሬው ሰው ይልቅ እነሱ ለመዱኝ። ከዚያ በላይ ያለውን ተራራ አየሁት፣ ዓይኔን መለስኩ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ያርጋልን "አውቶቡስ አለ፣ ከእኔ ጋር ባትሆንም ደረስጌ ላይ ጠብቀኝ" አልኩት። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። "ተዪኝ፣ ምስክር" አለ፣ ስሜን ጠርቶ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፦ "እኔ ለማን ነው የምለፋው?" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው። ለፍቼልሃለሁ ማለት መቼም ስለት አይደለም፣ ንግድ ነው።

ጥር 17

ነገ እነሣለሁ። አለነ የፍሬን ጎማዎቹን በአዲስ ለወጠ። ጃንጥላውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከብስክሌቷ ጎን አሰረልኝ። ነጭ ቀሚሴና ነጠላዬ በከረጢት፣ በሶና ቆሎ በሌላው። መምሬ ቴዎፍሎስ ባረኩኝ። ብስክሌቷን አልጋው አጠገብ ሳቆማት ያርጋል የታሰረበትን ገመድ ሳበና "ይኼ ይፈታል" አለ፤ ፈትቶ እንደ ሾፌር አሰራር መልሶ አሰረው።

ጥር 18፣ ሳንቃበር

ደረስኩ። ጀርባዬ የለም። ጠጠሩ እጄን አደነዘዘው። የአንድ የፓርክ ጠባቂ ስካውት ሚስት እሳት ዳር አስቀምጣ እግሬን በሙቅ ውኃ አጠበችኝ፣ "ለስለት ነው? እንግዲያው እኔም ልሳተፍ" ብላ። በምን ቃል ላመስግናት?

ጥር 19፣ ጨነቅ

ከገመትኩት በላይ ገፋሁ። ሆዴንና ወገቤን ያመኛል፣ ብርዱ ነው። የጅባራ ተክሎቹ በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል፤ አንዱን ሰላም አልኩት። ነገ ቧሂት። ገመዱ አልላላም።

ጥር 20፣ መካነ ብርሃን

ሁሉንም በተራ ልጻፍ፤ እጄ ካልጻፈ አልተኛም።

ጠዋት ውርጭ ነበር፣ የውኃ ኮዳዬ በረዶ ሠርቷል። ከጨነቅ ጥቂት እንደወጣሁ እግሬ መርገጥ እምቢ አለ። ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ቧሂትን የወጣሁት በመግፋት ነው። ትንፋሽ የሚባል ነገር አልቋል። ጥቂት ገፍቼ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ። ነፋሱ ጃንጥላውን ይዞ እኔንም ብስክሌቷንም ወደ ገደሉ ሲጎትት ተኛሁበት፣ በደረቴ። ገመዱ ባይጠብቅ ኖሮ ጃንጥላው ዛሬ ከአሞራ ጋር ነበር።

እዚያ ተኝቼ ሳለሁ የመካነ ብርሃን አውቶቡስ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "እናሳፍርሽ?" ብሎ ጮኸ። እጄን አወዛወዝኩ፣ አይሆንም። ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ። ጣሪያው ላይ ከበጎቹና ከከረጢቶቹ መሀል አንድ ክራንች ታስሯል። የማን ይሁን፣ እግዚአብሔር ይማረው ብዬ መግፋቴን ቀጠልኩ።

ጫፉ ላይ ስደርስ አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። በሶዬን በላሁ። ከዚያ መውረድ ነው። እየወረድኩ ደግሞ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ይላል።

መካነ ብርሃን ማደሪያ ይዤ ልታጠብ ስል አየሁት። የወር አበባዬ መጥቷል።

ቀረ ያልኩት። ያለቀስኩለት። ሦስት ወር ሙሉ ጠፍቶ ዛሬ፣ በዋዜማው! የወገቤ ሕመም ብርዱ አልነበረም። ነገ ከቅጽሩ ውጭ እቆማለሁ ማለት ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ ማንኛችንም በወር አበባችን ቀን ገብተን አናውቅም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዳገት ለምን ወጣሁት? ጃንጥላውን ማን ያስገባልኛል? የሚያውቀኝ አንድ ሰው እንኳ የለም።

ማን ያውቃል? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ነጭ ለብሼ ብገባ ማንም አያውቅም። ግን ለማን ነው የማመጣው? ለምታውቀዋ ለእመቤቴ ነው።

መምሬ ቴዎፍሎስን ልጠይቅ ስል ኔትወርክ የለም። ነገ ልሂድ፣ ከደጁ ልድረስ። ያርጋል ካልተነሣ በእኔ የተነሣ አይሁን፤ ሌላ ጸሎት የለኝም።

ጥር 21፣ ደረስጌ

በብስክሌት ነው የደረስኩት። የመጨረሻዋን መንገድ በነጭ ቀሚስ፣ ሕዝቡ መሀል ደወል እየደወልኩ። ሰው ግራና ቀኝ እየተከፈለ "እልል" አለ። ከደጀ ሰላሙ ፊት ወረድኩ፣ ቆምኩ። አልገባሁም።

ከቅጽሩ ውጭ በግንቡ ሥር ሴቶች ተደርድረው ቆመዋል። እኔ የቆምኩበት ምክንያት ለሁላቸው ግልጽ ነው፣ የእነሱም ለእኔ። ባንቻየሁ የምትባል አንዲት ጎልማሳ ገለል ብላ ቦታ ሰጠችኝ። "ነይ እታለም፣ ከግንቡ ጠጋ በይ። እኛም ዛሬ ከዚሁ ነን። ጸሎቱ ይሰማል፣ ጠበሉንም ያወጡልናል፤ አይዞሽ" አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ዓይኔን ስጠርግ ከፊቴ ክራንች አየሁ። ከክራንቹ በላይ ያርጋል።

"በምን መጣህ?"

"በአውቶቡስ።"

"አንተ? በአውቶቡስ?"

"ከደባርቅ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቧሂት ላይ ረዳቱ 'ሴትዮዋን እዩዋት፣ ጃንጥላ ላይ ተኝታለች' ሲል ገለጥኩት።" ጃንጥላውን አየና "ገመዱ ያዘ?" አለ።

"ያዘ።" አፈርኩ፣ ግን ነገርኩት። "ያርጋል፣ መግባት አልችልም።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲያውቅ ፊቱ ፈካ፣ ከነሐሴ ወዲህ ያላየሁት ሳቅ ሳቀ። "ቀረ ብለሽኝ አልነበር? እሰይ! አላረጀሽማ!" ባንቻየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሞት ይሻለኝ ነበር።

"ጃንጥላውን ስጪኝ" አለ።

በአንድ ብብቱ ክራንች፣ በሌላው ጃንጥላ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። እያነከሰ ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ያንን ያህል መንገድ ያለ እረፍት ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ስለት የሚያስገቡ ሰዎች በድምፅ ማጉያው በየተራ ይናገሩ ነበር። ልጅ ያገኘች፣ ከስደት የተመለሰ፣ በሬው የተገኘለት። ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ፤ መነጋገሪያውን አፉ ላይ ለጥፎት ኖሮ ጆሯችንን በሳው።

"እኔ ሾፌር ነኝ። ያርጋል እባላለሁ። ሊማሊሞ ላይ ወድቄ የዳንኩ ነኝ። ስለቱ ግን የኔ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው። በብስክሌት አመጣችው፣ ደጅ ናት።" ጨረሰ ስንል ቀጠለ። "ሰው ሁሉ መኪናዋ ስትወርድ ማንን ጠራህ ይለኛል። እስከ ዛሬ አፍሬ አልተናገርኩም። እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ። ያን ጊዜ አንቺን አልጠራሁም። ምስክር ብዬ ነው የጮህኩት።"

ውስጥ ያለው ሕዝብ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እልልታው ግንቡን አልፎ መጣ።

ባንቻየሁ ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ምስክር ማናት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ከግንቡ ውጭ ያለነው ሁሉ እልል አልን። ከውስጦቹ እኛ እንበልጣለን።

ጥር 22፣ አውቶቡስ ውስጥ

መንገዱ ይነቀንቃል፣ ጽሑፌ አይነበብም። ብስክሌቷና ክራንቹ ጣሪያው ላይ አንድ ላይ ታስረዋል፤ ያሰራቸው እሱ ነው። ሰኞ ጎንደር ሆስፒታል ሊሄድ ለልጃችን ራሱ ደወለላት። ቧሂት ሊመጣ ስለሆነ በገደሉ በኩል እኔ ልቀመጥ አልኩት። እምቢ አለ፣ መስኮቱን ይዟል። ዓይኑ ግልጥ ነው፤ የገፋሁበትን ቦታ እያንዳንዱን አሳይኝ ይለኛል።